እማዬ የለቀመችው ዛጎል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ወንድሜ ከሞተ ሳምንት አለፈው፤ ለእማዬ አልነገርናትም። ነገ ማለዳ ጎረቤቶች መጥተው ያረዷታል። ዛሬን እንኳ ደስ ይበላት ብዬ ከከተማችን ዳር፣ ከዌስትቼስተር ሰፈር ወዲያ ወዳለው ባሕር ወሰድኳት። የአሸዋውን ኮረብታ ክንዴን ይዛ ወጣችው። ማዕበሉ ያስፈራል። እሷ ጫማዋን አውልቃ ዛጎል ለቀመች።

"ለወንድምሽ ላኪለት።"

"እሺ" አልኳት።

ስንመለስ ጫማዋን ልታስቀምጥ የመኪናዬን የኋላ ትራንክ ከፈተችው። ለነገ የገዛሁላትን ጥቁር ቀሚስ እዚያ ረስቼዋለሁ! አንስታ ትከሻዋ ላይ ለካችው።

"የማን ነው?"

"የኔ።"

ለኔማ ጉልበቴ ጋ እንኳ አይደርስም። አጣጥፋ መለሰችው፤ ዛጎሎቹን በሙሉ ላዩ ላይ አስቀመጠች። ሰፈራችን ፌርፋክስ እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነበር። አሁን ክፍሏን ዘግታለች። ገና አልመሸም። ፈጣሪዬ፣ እስኪነጋ እንዴት እችለዋለሁ?