ከመስኮትህ የሚታየው ጠርዝ

ውድ ጓደኛዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ከስፖርት ዕቃ ክፍሉ፣ ኳስና መረብ ከተቆለለበት ጥግ ተቀምጬ ነው። ሰበብ መደርደር እንደማይቸግረኝ ታውቃለህ፤ ዛሬ ግን አንድም የለኝም። ስድስት ወር አልጋ ላይ ስትቆይ አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አልጠየቅኩህም። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤትህ መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነበር። ፈራሁ። አብረን ስንጫወት ሜዳ ይጠበው የነበረውን ሰው ተኝቶ ማየት አልቻልኩም፤ "ነገ እሄዳለሁ" እያልኩ ቀኑን ገፋሁት።

ባለፈው ቅዳሜ የማሠለጥናቸው ሴት ተማሪዎች ለፍጻሜ ለማለፍ ተጫወቱ። ሜዳችን ታድሶ ካለቀ ወዲህ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ልጅህን የት እንደማሰልፋት ነው። ተማሪው "ዘበኛዋ" ይላታል፤ እሷ ባለችበት ማንም ሳይፈተሽ አያልፍም። የተጋጣሚያችን አጥቂ ረጅም ስለሆነች መሐል ተከላካይ ላደርጋት አሰብኩ። ሐሙስ ከልምምድ በኋላ መጣች።

"ጋሼ፣ እስከ እረፍት ቀኝ፣ ከእረፍት በኋላ ደግሞ ግራ ያሰልፉኝ።"

"ምነው፣ ፀሐዩ አስቸገረሽ?" ብዬ ቀለድኩባት።

"እባክዎ፣ ለዚህ ጨዋታ ብቻ።"

"አንቺ ልጅ፣ አሠልጣኙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። መሐል አሰለፍኳት። አጥቂዋን መፈናፈኛ አሳጣቻት፤ አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማክሰኞ ጠዋት ማረፍህን ሰማሁ።

ቤትህ የመጣሁት ያኔ ነው፣ አንተ ከሌለህ በኋላ። ባለቤትህ ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍልህ አስገባችኝና አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ሳይ የመማሪያ ክፍሎቹ ሕንፃ ሜዳውን ጋርዶታል። የሚታየው በአጥሩ በኩል ያለው ጠርዝ ብቻ ነው፤ እስከ እረፍት ቀኛችን፣ ጎል ስንቀያየር ደግሞ ግራችን የሚሆነው።

"ትራሱን ደራርበን ቀና አድርገነው ነበር" አለችኝ ባለቤትህ። "እስከ መጨረሻው ፊሽካ 'የታለች?' እያለ ጠየቀኝ። 'አሁን ትመጣለች' እለዋለሁ።"

ልጅህን ደረጃው ላይ አገኘኋት። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አባዬ ነው እንዳትነግሪው ያለኝ። 'ለእኔ አዝኖ አሰላለፉን ያበላሻል' አለ። ደግሞ 'ሰሞኑን ሊጠይቀኝ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ራሱ ያየዋል' አለኝ።"

ለካ አንተ ትጠብቀኝ ነበር። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ትልቁ ሰውዬ በልጅህ ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ።

ዛሬ ልምምድ መጣች። የፍጻሜውም ጨዋታ እዚሁ ሜዳችን ላይ ነው። አሰላለፉን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ሄድኩና፣ "እስከ እረፍት ቀኝ፣ ከዚያ ግራ ትሆኛለሽ" አልኳት።

ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"አያስፈልግም፣ ጋሼ። አሁን የትም ቢያሰልፉኝ ግድ የለኝም።"

ሳልጠይቅህ የቀረሁት ጓደኛህ