በአካል አይቻለሁ ብዬ የፈረምኩበት ሽንት ቤት

ሰኔ 18 ቀን 2013

ዛሬም ቤት። ካምፓላ በኮሮና ከተዘጋች ሳምንት ሊሆናት ነው። መኪና የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ከሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሐይቁን ማየት ብቻ።

ጠዋት የዙም ስብሰባ ነበረን። መሀል ላይ ኤርሚያስ ዘው ብሎ ገባና «እማዬ፣ አኣ መጣ!» አለ። አራት ዓመቱ ነው። ደግነቱ ስብሰባው ስለ ሽንት ቤት ስለነበር ከአጀንዳ አልወጣም።

ተቋራጩ መሸሻ ፎቶ ላከ። ለሦስቱ ትምህርት ቤቶች የሚሠራቸው ሽንት ቤቶች አልቀዋል! የኪሰንዪው ሰማያዊ፣ የናጉሩው አረንጓዴ፣ የካዋላው ቢጫ። እንዴት ያምራሉ... እኔ ቤት ተዘግቶብኝ ፕሮጀክቴ ያልቃል? ተመስገን።

ሰኔ 22

የማጠናቀቂያውን ቅጽ ሞላሁ። ከሥር አንዲት አረፍተ ነገር አለች፦ «ሥራውን በአካል ተገኝቼ አይቻለሁ።» አካሌ ሙቱንጎ ነው ያለው። ምን ላድርግ?

አለቃዬ ዶክተር ልደቱ ደወሉ።

«ጸሐይነሽ፣ ለጋሾቹ እየጠበቁ ነው። ፎቶ የለም እንዴ?»

«አለ፣ ግን...»

«ታዲያ ፎቶ በምንድነው የሚታየው? በዓይን አይደል? ዓይን ደግሞ አካል ነው።»

ፈረምኩ።

ጨረታው ጊዜ የሞላሁት ሌላ ጥያቄም ትዝ አለኝ። «ከተቋራጩ ጋር ዝምድና አለዎት?» የለም ብያለሁ። የለማ! መሸሻ ኤርሚያስን ክርስትና አነሳው እንጂ የአጎቴ ልጅ አይደለም። አበልጅ ዝምድና ነው እንዴ?... አይ፣ አይደለም። ይመስለኛል።

ሐምሌ 1

ዶክተር ልደቱ ከመስከረም ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ፕሮጀክቶች አስተባባሪ ትሆኛለሽ አሉኝ። ለባሌ ለመሳይ ስነግረው ወገቤን ይዞ አሽከረከረኝ። ወገቡ ተያዘ።

ሐምሌ 8

ለለጋሾቹ የማቀርበውን ሳዘጋጅ ፎቶዎቹን አሳደግኋቸው። ጥግ ላይ ሮሌክስ የምትሸጥ ሴት አለች፤ በቻፓቲ ቂጣ እንቁላል የምትጠቀልል። ጥቁር ጃንጥላ፣ አንዱ ሽቦው የተሰበረ። ኪሰንዪ ላይ ቻፓቲ እያገላበጠች ነው። ናጉሩ ላይ እንቁላል ትመታለች። ካዋላ ላይ ወደ ካሜራው ዞራ ትስቃለች።

ያችው ሴት። ያው ጃንጥላ።

ምናልባት ቅርንጫፍ ከፍታ ይሆን?

ሐምሌ 9

መሸሻ ጋ ደወልኩ።

«አበልጄ፣ ካዋላ ያለችው ሮሌክስ ማናት?»

«የምን ሮሌክስ? ሰዓት?»

«የእንቁላሉን ነው የምልህ። ሦስቱም ቦታ አለች።»

«ሄሎ?... ሄሎ?... አይሰማም...»

እኔ ግን ጥርት አድርጎ ይሰማኛል።

ሐምሌ 26

ከተማው ተከፈተ። መጀመሪያ የተገኘው ቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ኪሰንዪ።

ሽንት ቤቱ አለ። ቢጫ ነው። ሰማያዊ መሆን ነበረበት። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ። ጃንጥላዋም አለች። ሴትዮዋ ማማ ኪዛ ትባላለች።

«ሦስቴ ቀቡት» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ሰማያዊው ነበር የሚያምረው። ለሰውዬው ነግሬው ነበር፣ አልሰማኝም።»

ሮሌክስ ገዝቼ ቁጭ ብዬ በላሁ። ይጣፍጣል።

ናጉሩ ሄድኩ፤ ሣር። ካዋላ ሄድኩ፤ አንድ ጉድጓድ፣ አጠገቡ የዘበኛው ካሳቫ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። «ሳይዘጋ በፊት» አሉኝ፣ «ሴቶቹ ልጆች አስፋልቱን ተሻግረው ጋራዡን ሽንት ቤት ይለምኑ ነበር። ሲያባርሯቸው እስከ ቤታቸው ይይዙታል። አንዳንዷ ከሄደች በዚያው አትመለስም።»

ስንት ጊዜ ለለጋሽ ጽፌዋለሁ ይሄን... ከሰው አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ሐምሌ 27

መሸሻ እኛ ቤት መጣ። ኤርሚያስ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ሁልጊዜ ከረሜላ ያመጣለታል፤ ዛሬም አመጣ።

«ሠራተኞቼ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ» አለኝ። «ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። ሳይከፈት እጨርሳለሁ ብዬ ነው። አልዋሸሁም አበልጄ... ፎቶውን ቀድሜ አነሳሁት እንጂ።»

ፎቶ ቀድሞ ማንሳት! ያልተወለደ ልጅ ፎቶ ያነሳል እንዴ ሰው?

«ሁለት ወር ዝም በዪልኝ።»

መሳይ ከኋላ «ዝም በዪለት እንጂ፣ አበልጅ እኮ ነው» አለ። ጨረታው ላይ ዝምድና ያልነበረው አበልጅነት ሳሎኔ ውስጥ ከወንድም በለጠ።

ሐምሌ 28

ለዶክተር ልደቱ ነገርኳቸው።

«ማን አየ?»

«እኔ።»

«ከአንቺ ሌላ?»

«ሮሌክስ ሻጯ።»

«ሪፖርት ታነባለች?»

«ኧረ አታነብም።»

«በይ እንግዲህ። ተማሪ በሌለበት ሽንት ቤት ማን ተጎዳ? ሰውዬው ይጨርሳል፣ አንቺም መስከረም ላይ...» ጨረፍ አድርገው ተዉት። ገባኝ።

እውነታቸውን ቢሆንስ? ቢጨርስ ማን ያውቃል? ግን ባይጨርስስ? ሥራው አልቋል ተብሎ ከተዘጋ በኋላ ማን መጥቶ ይጠይቀዋል? እኔ? ምን ብዬ?

ሐምሌ 30

ጻፍኩ። «ሁለቱ አልተሠሩም። አይቻለሁ ብዬ የፈረምኩት ሳላይ ነው። ተቋራጩ አበልጄ ነው፣ አላሳወቅሁም።» ይቺን ለመጻፍ ሦስት ሰዓት። ናይሮቢ ላለው ዋና ቢሮ ላክሁትና ሮጬ ሽንት ቤት ገባሁ። የራሴ ቤት ሽንት ቤት። የተሠራ።

ነሐሴ 12

መርማሪው ሚስተር ኦዱያ ከናይሮቢ በዙም። ትሑት ሰው። አበልጅ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረጂ አለኝ።

«ዘመድሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ጓደኛሽ?»

«ከዚያ ይበልጣል።»

«የንግድ ሸሪክ?»

«እግዜር ይጠብቀኝ!»

«በሕግ ትተሳሰራላችሁ?»

«በጥምቀት።»

ቅጹ ስክሪኔ ላይ ይታየኛል። «ሌላ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ሲያደርግ አየሁት።

ከዚያ ማን ፈርሚ እንዳለኝ ጠየቀ። የፈረመው እጄ ነው አልኩ። የዶክተር ልደቱን የዓይንና የአካል ትምህርትም ቃል በቃል ነገርኩት። ሁለቱንም ጻፈ።

ነሐሴ 25

ውሳኔ መጣ። አስተባባሪነቱ ቀረ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከፕሮጀክት ኃላፊነት ወርጄ የግንባታ ተቆጣጣሪ። ለዶክተር ልደቱም ማብራሪያ ስጡ የሚል ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ስልካቸው ሳይጠራ «ሄሎ» ይላሉ። መሸሻ ሁለቱን በራሱ ኪሳራ ይጨርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ጨረታችን ላይ አይቀርብም።

ደወለ። «እርስዎ እንዲህ ያደርጉኛል ብዬ አልጠበቅሁም» አለኝ። እርስዎ! ስንት ዓመት አንተ አንቺ ስንባባል ኖረን... ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

መስከረም 20 ቀን 2014

ቦዳ፣ አቧራ፣ ዝናብ፣ ጭቃ። ሜትሬን ይዤ ናጉሩ ላይ ጉድጓድ ስለካ ዋልኩ። መሸሻ ሰላም አይለኝም። ግን ለኤርሚያስ ስጪልኝ የሚል ከረሜላ ኮፍያዬ ውስጥ አስቀምጧል። በወረቀት ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ «ለልጁ ብቻ»።

ጥር 2

ትምህርት ቤት ተከፈተ! ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል።

ካዋላ ማለዳ ደረስኩ። አራት በር፣ ውኃ፣ ጣሪያ። ነጭ ቀለም፤ ከሥሩ ሌላ ቀለም የለም፣ ፍቄ አረጋገጥኩ። መሸሻ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሴቶቹ ልጆች ከወዲሁ ተሰልፈዋል።

አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ደህና። አራተኛው ገብቼ ቆለፍኩ። መክፈት... አልከፈት አለ። ገፋሁ፣ ሳብኩ፣ በትከሻዬ ሞከርኩ።

«አበልጄ!»

በሩን ደበደብኩ።

«መሸሻ!»

«አለሁ።»

«ተቆለፈብኝ።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«እኔ የት ያለሁ ይመስልሃል?!»

ልጆቹ ሳቁ። እሱም... እሱም ሳቀ። አምስት ወር ያልሰማሁት ሳቅ። ጠመንጃ መፍቻ ሊያመጣ ሄደ። ሃያ ደቂቃ። ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ አየር ይገባል፣ ቦርሳ መስቀያ አለ፤ ሁሉንም መዘገብኩ።

በበሩ ስንጥቅ «ይሄንንም ልትጽፊው ነው?» አለኝ።

«እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊው። ሦስቱ ደህና ናቸው ብለሽ ግን ጀምሪ።»

ወጣሁ። አንገቱን ከትከሻዬ በላይ አስግጎ «አራተኛው በር አይከፈትም» የሚለውን አነበበ። መቀርቀሪያውን ፈታ፣ ሞረደ፣ መልሶ ገጠመ። ከዚያ ራሱ ገባና ከውስጥ ቆለፈ። ከፈተ። ቆለፈ። ከፈተ። ደግሞ ቆለፈ... ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ከሰልፉ ፊት ያለችው ትንሿ ልጅ እግሯን አቆላልፋ በሩን እስክታንኳኳበት ድረስ።

«አንክል፣ እባክህ፣ ውጣ!»