ጢሳችንን ለቆጠሩልን አስተዳዳሪ

ለክቡር የሙልሳን አውራጃ አስተዳዳሪ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ማዕድዎ የሞላ፣ እንቅልፍዎም ያልተቋረጠ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ አምና ከግብርና ትምህርት ቤት ተመርቄ ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ዶልጎል የተመለስኩት እኔ ጉክ ቴሆ፣ የመንደሩን ምስጋና በዚህ ጋዜጣ ላይ በአደባባይ ላቀርብልዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ አገራችን ነፃ በወጣች ማግስት፣ ሩዙ አልቆ ገብሱ ገና አረንጓዴ በሆነበት በዚህ ወር፣ የእርዳታ ስንዴ ይላክ ዘንድ እህል ያለቀበት ቤት ሁሉ እንዲቆጠር ስላዘዙ እጅ እንነሣለን። ጃፓኖች በገዙን ዘመን የመንግሥት ጸሐፊ የደበቅነውን ሩዝ ፍለጋ ማድቤታችን ድረስ ዘልቆ ወለሉን በቀርከሃ ይወጋ ነበር። የእርስዎ ጸሐፊ አቶ ባንግ ግን፣ የነፃነት ጨዋነት ነውና፣ ደጃችንን እንኳ ሳይረግጡ በራት ሰዓት ድልድዩ ላይ ቆመው የሚጨሱትን ጭስ ማውጫዎች ቆጠሩ። አርባ ሦስት ቤት፣ አርባ ሦስት ጢስ። «የተራበ የለም» ተብሎ ተጻፈ።

ሁለተኛ፣ እርስዎም የገጠር ልጅ ነዎትና እንደማይጠፋዎት አምናለሁ፤ በእኛ ዘንድ የሚበስል ያጣ ቤት ጎረቤት እንዳያውቅበት ውኃ ጥዶ እሳት ያነዳል። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን የፒልሱክ እናት ባዶውን ውኃ በጭልፋ ታማስላለች፣ ክዳኑንም ለሰሚ እንዲመች ታንኳኳለች። የስድስት ዓመቷ ፒልሱክ ግን ፊቷ አብጧል፤ በጣት ቢጫኑት የጎደጎደው ቦታ ቶሎ አይሞላም።

ይህንን ላስረዳ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ብሮጥ፣ አባወራው ሁሉ «ቤቴ ባዶ ነው» ብሎ እንዲፈርም በትሕትና ተነገረኝ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። የመንደሩ ሽማግሌ፣ «አንተ ልጅ፣ የተማርከው እኛን ልታዋርድ ነው?» አሉኝ። የፒልሱክ እናት ደግሞ ሳቅ ብላ፣ «ኧረ እኛ አሁን በላን! ምነው ትንሽ ቀደም ብትል፣ ለአንተም እጨልፍልህ ነበር» አለችኝ። ልጅቷ በሩ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

ሦስተኛ፣ አቶ ባንግ ልመናዬን ሰምተው ሐሙስ ዕለት እንደገና ድልድዩ ላይ ሊቆሙ ስለፈቀዱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለአንዲት ምሽት ብቻ እሳት እንዳይነድ መንደሩን ሁሉ ለመንኩ፤ ሁሉም «እሺ» አሉ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አቶ ባንግ እርሳሳቸውን አወጡ፤ ጣራው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጢስ ብድግ አለ፤ የእኛ ቤት ነበር። ሮጬ ብገባ እናቴ ምድጃው ሥር ተንበርክካ እፍ ትላለች። «የጉክ ዘር ቤት ጾሙን አደረ ከሚባል ብሞት ይሻለኛል! ዞር በል፣ እንጨት አቀብለኝ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ አቀበልኳት። ወደ ድልድዩ ስመለስ የቀሩት አርባ ሁለቱም ቤቶች ይጨሱ ነበር።

የእርዳታው መዝገብ ከነገ ወዲያ ይዘጋል። ገብሱ ሊደርስ አርባ ቀን ይቀረዋል። ስለ አፈርና ስለ ዘር የተማርኩት ሁሉ ለፒልሱክ አርባ ቀን አይገዛላትም። ስለዚህ አንድ ሰው ልከው፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ገብቶ የአንድ ድስት ክዳን ብቻ ከፍ ያድርግልን። በቀርከሃ ወለሉን ቢወጋም አንቀየምም።

ለጨዋነትዎ ወደር የማያገኝለት፣ ከአርባ ሦስቱ ጢሶች የአንዱ እንጨት አቀባይ፣

ጉክ ቴሆ

ማስታወሻ፦ ዶልጎል «ረሃብ የሌለባት አርአያ መንደር» የተባለችበት የምስጋና ወረቀት ዛሬ ጠዋት ደርሶናል። ነገር ግን አቶ ባንግ ለመለጠፊያ ያመጡትን አንድ ሳህን የዱቄት ሙጫ ዞር ሲሉ ፒልሱክ ስለጠጣችው፣ ወረቀቱ እስካሁን አልተሰቀለም። ከመንግሥት እጅ ለመንደራችን የደረሰ እህል እሱ ብቻ ስለሆነ በመዝገብዎ እንዲሰፍርልን በአክብሮት እንጠይቃለን።