ያስጎበኘሁት ቤት

ለወንድሜ ሚስት፣

አሁንም በዚህ ስም መጥራቴ ካስቀየመሽ ሌላ ብፈልግ አጥቼ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ሲበርድ የሚያምሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጅሽስ? አገባች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ማንን እንዳገባች ግን የነገረኝ የለም፣ እኔም የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም። እኔ በጤና በኩል ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ስለደከመ መነጽር አድርጌያለሁ። ብታዪኝ "እትዬ ደግሞ ዳኛ መሰሉ" ብለሽ ትስቂብኝ ነበር።

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሦስቱም "እግዜር ያውቃል" ብለው ነበር የሚጀምሩት። እግዜር የሚያውቀውን ለአንቺ ሳልነግር ዐሥራ ሰባት ዓመት መኖሬን ሳስበው እጄ አልጽፍ አለኝ። ስለዚህ ይህኛውን ከሥራዬ ልጀምረው፣ ነገሩ የመጣውም ከዚያው ነውና።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አንድ ማሠልጠኛ ተቋም ተቀጠርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን አዳራሾች እከፍታለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ ሰሌዳ እጠርጋለሁ፣ በዕረፍት ሰዓት ሻይ አቀርባለሁ። ሠልጣኞች ጥለውት የሚሄዱትን ወረቀት ግን አልጥለውም፤ ሰብስቤ አነበዋለሁ። ታውቂኛለሽ፣ ፊደልን ብቻዬን ታግዬ የያዝኩ ሰው ነኝ፣ የመድኃኒት ካርቶን እንኳ ሳላነብ አላልፍም። በዚህ ዓይነት ስለ እሳት አደጋም፣ ስለ ንብ እርባታም፣ ስለ መጋዘን አያያዝም ሳልከፍል ተምሬያለሁ።

በቅርቡ የመጡት ግን የፋይናንስ አማካሪዎች ናቸው። ሰው ገቢውንና ንብረቱን እንዴት እንደሚያቅድ መምከር ድሮም ሥራቸው ነው፤ አሁን የሚሠለጥኑት ለሚፋቱ ባልና ሚስት ነው። ቤቱ ለማን ቢሆን ይሻላል፣ ጡረታው እንዴት ይታሰባል፣ ልጆቹን የሚያሳድገው ወገን በምን ይኖራል፣ ከዐሥር ዓመት በኋላስ ሁለቱም የት ይደርሳሉ፣ ይህን ሁሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩን ስሰማ ገረመኝ። ከባንክ የመጣ አንድ ወፍራም ሠልጣኝ አለ፤ ሚስቱ "ደግሞ መፋታትን ትምህርት ቤት ገብተህ ትማራለህ?" ብላ ሦስት ቀን እንዳኮረፈችው እያወራ አዳራሹን ያስቃል።

አሠልጣኛቸው ጠና ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ማንም ምንም ቢናገር "ማስረጃው የታለ?" ስለምትል ከኋላዋ "እሜቴ ማስረጃ" ይሏታል። የማታውቅ መስሏቸው ነው እንጂ ታውቃለች። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብላት "እሜቴ ማስረጃ ስኳር ትታለች ይበሏቸው" አለችኝ።

እሷ የምታስተምረው አንድ ዘዴ አለ። ባልና ሚስቱ መጀመሪያ ሲመጡ ሰነድ አትጠይቋቸው ትላለች። ቤታችሁን ከበሩ ጀምራችሁ አስጎብኙን በሏቸው። በየተራ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ፣ ክፍል በክፍል፣ በቃል። የሚደብቀው ያለው ሰው አንድ ቦታ ላይ ይፈጥናል ወይም ይዘላል። ቤቱን የደከመበት ሰው ደግሞ የትም ወረቀት ላይ የማይገኝ ነገር ያነሳል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ማን እንዳስጠገነው፣ መጋረጃውን ማን እንደሰፋው። ይህን ስትናገር በሩ አጠገብ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ሻዩን ሳላዳርስ ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ለልምምድ ሚስት ሆና እንድትቀመጥ የተቀጠረችው ሴት ቀረች። አሠልጣኟ ወረቀታቸውን ሁሉ እንደማነብ አይታለችና እኔ እንድቀመጥላቸው ለመነችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አንድ ካርድ ሰጠችኝ። በካርዱ ላይ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፣ ባሌ ፋርማሲ አለው፣ ባለ ሦስት ክፍል ኪራይ ቤት እንኖራለን፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ባል የሆነው ያ ወፍራም የባንክ ሰው ነው። ገና ሳይጠየቅ "ሌላውን ሁሉ ትውሰድ፣ ድስቷን ብቻ ትተውልኝ" እያለ ያስቃቸዋል። አማካሪ ሆና ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ደግሞ ቀጠን ያለች የሒሳብ ሠራተኛ ናት። እስክሪብቶዋን አስተካክላ፣ ወይዘሮ እያለች፣ ቤቴን ከበሩ ጀምሬ እንዳስጎበኛት ጠየቀችኝ።

ጀመርኩ። በሩ የብረት ነው አልኩ፣ አረንጓዴ፤ ሲከፍቱት ትንሽ ወደ ላይ ካላነሱት መሬቱን ይፍቃል። ሲገቡ በስተግራ የውኃ በርሜል አለ። ሳሎኑ ሁለት መስኮት አለው፣ አንዱ የሚያንሰው ብረቱ አልበቃ ብሎ ነው። ወለሉ ቀይ ሸክላ ነው። ከማዕዘኑ አራተኛዋ ሸክላ በጀርባዋ ተነጥፋለች። ያነጠፈቻት የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፣ ከግንበኛው ጋር ተንበርክካ። ግንበኛው ላስተካክላት ቢል "ተዋት፣ እኔ እዚህ እንደነበርኩ ታሳውቅ" አለችው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ካርዷን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። ይህ ቤት ዝርዝሩ ላይ እንደሌለ፣ የእኛ ቤት የኪራይ እንደሆነ በትሕትና ነገረችኝ። ከዚያ፣ ትምህርቱን በደንብ ይዛዋለችና፣ "ታዲያ ይሄኛው የማን ቤት ነው?" አለችኝ።

"የወንድሜ ሚስት" አልኳት።

የባንኩ ሰው "ኧረ እኔ ባልሽ ነኝ፣ መቼ ወንድምሽ ሆንኩ?" አለና ሁሉም ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር። አሠልጣኟ አልሳቀችም። ከኋላ ወንበር ተነስታ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"እትዬ፣ እርስዎ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ነዎት?"

"እህትየዋ ነኝ።"

ሠልጣኞቹን ለዕረፍት አሰናበተቻቸው። በዚያን ቀን ሻይ የጠጣ አልነበረም። አላጽናናችኝም፣ አለማጽናናቷም ሳይሻለኝ አልቀረም፤ ወንበር ስባ ተቀምጣ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። አንቺ የምታውቂውን ነው የነገርኳት። ቤቱን ስትሠሩ ወንድሜ ለሱቁ የተበደረው ስለነበር አበዳሪ እንዳይዘው ካርታው ለጊዜው በእኔ ስም መውጣቱን፤ አንቺም "እትዬ ናቸው እኮ፣ ምን ችግር አለ" ብለሽ መስማማትሽን፤ እናንተ በኪራይ ተቀምጣችሁ ቤቱን ማከራየታችሁን፤ ስትፋቱ ደግሞ ወንድሜ ያመጣውን ወረቀት መፈረሜን። "ቤቱ የራሴ ነው፣ በራሴ ገንዘብ የተሠራ ነው" ይላል ወረቀቱ። ሳላነብ ፈረምኩ እንዳልልሽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንዲያውም አንድ ቃል ተሳስቶ ነበርና አሳረምኩት።

አሠልጣኟ ለእኔ አማካሪ መሆን እንደማትችል ነገረችኝ። ነገር ግን ሰው በራሱ ላይ የሚሰጠው ቃል ከብዙ ምስክር እንደሚበልጥ፣ የት ሄጄ መስጠት እንደምችል፣ ቅጣትም ሊያስከትልብኝ እንደሚችል ምንም ሳትሸፍን አስረዳችኝ። ወንድሜን ላጣው እንደምችልም አልደበቀችኝም።

ከጀርባው እንዳላደርገው ብዬ መጀመሪያ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ሱቁ አድጓል፣ አሁን የሕንፃ ዕቃ በጅምላ ነው የሚሸጠው። የቧንቧ ጥቅል ላይ አስቀምጦኝ ሰማኝና መጀመሪያ ሳቀ። አንቺ ራስሽ ረስተሽዋል አለ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀች ሴት ዛሬ ምን ትላለች አለ። ቀጥሎ በዚህ ዕድሜዬ የት ልገባ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደማልናወጥለት ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያኔ ለእኔ ብለሽ ነው የፈረምሽው፤ አሁን ለማን ብለሽ ነው?" አለኝ።

ከቧንቧው ላይ ተነስቼ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ግን ያ ጥያቄ አብሮኝ ሄደ፤ ለእሱ ብዬ አልነበረምና። ከሁሉ የሚያሳፍረኝን አሁን ልጻፈው። እኔና ባለቤቴ የምንኖርባትን ክፍል ታስታውሻለሽ፤ ግድግዳዋ ክረምት ከበጋ እርጥብ ነበር፣ እሱም ሳንባውን ታሞ ተኝቷል። ወንድሜ ወረቀቱን ሲያመጣ "ነገሩ ሲያልቅ ትገቡበታላችሁ" አለኝ። ያን ጊዜ ያየሁት ሁለቱን መስኮት ነው። ፀሐይ የሚገባበት ቤት አሰኘኝ። ቤትሽን ፈለግኩት፣ አንቺ እያለሽ፣ ልጅሽ እያለች።

ለባለቤቴ የነገርኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። "በሰው ቤት አልሞትም" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ለጠየቀኝ ሁሉ ሕመሙ ስለጠናበት ማንቀሳቀስ አልተቻለም እል ነበር፤ ዋሽቼ ነው። ዐሥራ አንድ ወር እዚያችው እርጥብ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ሞተ። በለቅሶው ቀን አንቺ መጥተሽ ነበር። ከኋላ ገብተሽ የተከመረውን ብርጭቆ ሁሉ አጥበሽ፣ እጅሽን በቀሚስሽ አድርቀሽ፣ ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ። በሁለተኛው ወር ቤትሽ ገባሁ። እስከዛሬ እዚያው ነኝ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ያቺ የሒሳብ ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቃ ከሥራ ወጥታ አብራኝ ዋለች። የሰነዱ ጸሐፊ ስለ ቅጣቱ አስጠነቀቀኝ፣ ተረድቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። ምንሽ ናት ሲለኝ የወንድሜ ሚስት ናት አልኩት። አየት አደረገኝና የተፋቱ አይደለም ወይ አለኝ። "የተፋቱትማ እነሱ ናቸው" አልኩት። ምን ብሎ እንደጻፈው እንጃ።

የቃሌን ግልባጭ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። ስሙ እንዲዛወር መታወቂያሽን ይዘሽ አንቺ ራስሽ መቅረብ አለብሽ ብለዋል። እኔ እዚያ እንዳልገኝ ከፈለግሽ አልገኝም፤ ቀኑን ለሒሳብ ሠራተኛዋ ንገሪያት፣ ስልኳ ከግልባጩ ጀርባ አለ። እኔ ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፣ በዚህ ወር መጨረሻ እለቃለሁ። በዚህ እንዳታዝኚልኝ። ይቅርታም አልጠይቅሽም፣ እምቢ የማለት ነገር እንደማይሆንልሽ ስለማውቅ በዚያ ደግሞ ላስቸግርሽ አልፈልግም። ወንድሜ ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም ብሏል። ስሰማው ከፋኝ፤ ምን ጊዜ እንደሆነ ባላውቅም ይመለሳል እያልኩ እጠብቃለሁ። ስንቱን እንደማጣ አላሰላሁትም፣ ያን የሚያሰሉ ሰዎች አጠገቤ ቢኖሩም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጽፈው እያልኩ እስከዚህ ድረስ ያዘገየሁት እሱን ነው።

ስትፋቱ በፍርድ ቤቱ አስታራቂ ክፍል ውስጥ የተቀመጥንበትን ቀን ታስታውሻለሽ። እኔ ከመድኃኒት ቤት ነበር የመጣሁት፤ የባለቤቴ መድኃኒት ጉልበቴ ላይ ነበር። ቃሌን አነበብኩ። አስታራቂው አንቺን ሌላ የምታቀርቢው ነገር እንዳለሽ ሲጠይቅሽ ቦርሳሽን ከፈትሽ። ከዚያ እጅሽ ቦርሳው ውስጥ እያለ "በሐሰት የመሰከረ ምን ይሆናል?" አልሽው። ይታሰራል አለሽ። ለምን ያህል ጊዜ ብለሽ ጠየቅሽው፣ ነገረሽ። መጀመሪያ ያየሽው እኔን አልነበረም፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን መድኃኒት ነው። ቀጥሎ ፊቴን አየሽ። ቦርሳሽን ዘጋሽና "የለኝም" አልሽ።

ይህን ሁሉ ዓመት ለራሴ የነገርኩት መሐረብ ስትፈልጊ ነበር ብዬ ነው። ግን ቦርሳሽ ሲዘጋ የታጠፈ ባለ መስመር ወረቀት ጫፍ አይቻለሁ። ጽሕፈቱ ሰማያዊ ነበር፣ እንደ ልጅ ጽሕፈት ትልልቅ፣ ከመስመሩ የሚወጣ። በዚያ ዘመን በቤተሰባችን ውስጥ ፊደሉን እንዲያ አግዝፎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወረቀቱ ምን ይል እንደነበር አልጠይቅሽም፤ ካርታው በስሜ በወጣ ሳምንት የጻፍኩልሽ እኔው ነኝና።

ጉልበትሽን ብርድ አይንካው። የልጅሽን ልጅ ታቀፊ። በገዛ ደጅሽ የምትቀመጪበት ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፣ ከእኔ ዕድሜም ተቀንሶ ቢሆን።

የልጅሽ አክስት