ለ«ተመስገን» የሚሆን ሳጥን የለም

እትዬ፣ «አባባ ደህና ነው፣ ተመስገን» ማለት ምን ማለት ነው? አራት ደብዳቤ ጻፍሽልኝ፣ አራቱም ላይ እሷው ናት፣ እንደ ማኅተም። ደግሞ ቀጥለሽ «አንተ ስለ ራስህ ጀብዱ እንጂ ስለኛ ጠይቀህ አታውቅም» ትይኛለሽ። ጠየቅኩ እኮ። ጠይቄ የማገኘው ተመስገን ነው። ተመስገን ደግሞ መልስ አይደለም። ይሄን የምልሽ እንዲሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ በዚህች ቃል የተነሳ መቶ ስልሳ ሦስት ቤት ተሳስቼ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ።

ሰላምታውን ዘልዬ ስለጀመርኩ እማዬ «ስድ» ማለቷ አይቀርም፣ እሺ በወጉ ላርገው። እንዴት ከረማችሁ? አንቺስ ወገብሽ ለቀቀሽ? እማዬ ዓይኗን እንዴት አረጋት፣ መርፌ ክር ታስገባለች? ታናሻችን ድምፁ ጎረነነ ወይስ አሁንም እንደ ጫጩት ነው? ያ በጓዳ በኩል የሚያፈሰው ጣራ ተደፈነ? እኔ ጤናዬ እንደ ብረት ነው። ከቁመቴ በስተቀር ያልጨመረ ነገር የለኝም።

አሁን ወደ ነገሬ። ያ እንጨት የሚጭነው ሹፌር፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ የመጨረሻ ደብዳቤሽን ሲያመጣልኝ ሻይ ጋበዝኩት። ሻዩን ፉት እያለ፣ እንደ ዋዛ፣ «አባትህን ሱቁ በር ላይ አየኋቸው፣ መጋዙን በግራ እጃቸው ይዘው። ግራኝ ነበሩ እንዴ?» አለኝ። አባባ ግራኝ አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ በግራ እጄ መዶሻ ሳነሳ፣ በዚያ በእንጨት ማስመሪያው ጣቴን እንዴት እንደሚያሞቀው አንቺም ታውቂያለሽ፤ «አናጺ በግራው ከቆረጠ በቀኙ ይለምናል» ይል ነበር። ይሄ ሰው ነው በግራ እጁ መጋዝ የያዘው። አንቺ ደግሞ በዚያው ሳምንት ተመስገን ብለሽ ጽፈሻል።

ስልክ ስደውል የምታነሺው አንቺ ነሽ። አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ወጣ ብሏል፣ አንዴ እየበላ ነው። የሚተኛ፣ የሚወጣ፣ የሚበላ ሰው ጤነኛ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሞኝ ነኝ እንዴ? በስልክ ያሉትን ነፋስ ይወስደዋል። በወረቀት ያሉት ግን ሰውን ይዞ ያቆማል። ይህን የተማርኩት እዚህ ሥራዬ ላይ ነው።

ሥራዬን ደግሞ አላመንሽም። «ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ቢል ማን ያምነዋል» ብለሻል። አትመኚ እንግዲህ። የገባሁት በጓሮ በር ነው፣ ግን ገብቻለሁ። አንገቴ ላይ ፎቶዬ ያለበት ካርድ ተንጠልጥሏል፣ ዘበኛው ሲያየኝ ከወንበሩ ሊነሳ ይዳዳዋል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምሠራበት ቤት የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ቤት ይባላል። ፖሊሲ ማለት፣ እንዳስረዱኝ፣ መንግሥት አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ምን እንደሚያደርግ የሚጻፍበት ወረቀት ነው። እነሱ ደግሞ ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ሰፈር ለሰፈር ዞረው ሰው የሚጠይቁ ናቸው።

እንዴት ያዙኝ መሰለሽ። እኔ በዳገቱ ሰፈር ውሃ በጋሪ እገፋ ነበር፤ ጀሪካን ሞልቼ በየበሩ ማውረድ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት ቀጭን ሴትዮ፣ ዶክተር ናት፣ ረዳቷን አስከትላ በር ታንኳኳለች። ረዳቷን እኔ ማሚቶ ነው የምለው፤ እሷ የተናገረችውን የመጨረሻ ቃል ይደግማል። ታዲያ ማሚቶ በየበሩ «ከፖሊሲ ትምህርት ቤት ነን» ሲል ሰዉ የሚሰማው ፖሊስ የሚለውን ነው። ልብስ ሰፊው በጓሮ መስኮት ወጣ። ልብስ አጣቢዋ ደግሞ በሩን በጣት ያህል ከፍታ «ልጄ እቤት የለም፣ ካለም አላየሁትም» አለች። እኔ ጋሪዬን ተደግፌ በሳቅ ልሞት ነው። ከዚያ «ውሃ!» ብዬ ስጣራ በሩ ሁሉ ባንዴ ተከፈተ። ዶክተሯ የጠፋ ቁልፍ እንዳገኘ ሰው አየችኝ። በማግስቱ ከነሱ ጋር እንድዞር ቀጠረችኝ፣ «የማኅበረሰብ አገናኝ» የሚል ስም ወጣልኝ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ግን ፕሮፌሰር ነው የሚለኝ።

ቅጹ አስራ ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ሰባተኛው «በውሃ አቅርቦቱ ምን ያህል ረክተዋል?» ይላል፣ ከሥሩ አምስት ሳጥን፣ ከ«በጣም ረክቻለሁ» እስከ «ፈጽሞ አልረካሁም»። እትዬ፣ ዳገቱ ሰፈር ውስጥ ረካሁ የሚል ሰው የለም። እኔም እንደ ሰው «ውሃው እንዴት ነው?» ብዬ ነው የጠየቅኩት። የሚመልሱልኝ «ተመስገን» ነው። አንዳንዱ «ተመስገን፣ ምን ይደረጋል» ይላል። ተመስገን የሚል ሳጥን ፈለግኩ፣ የለም። ያመሰገነ ሰው ረክቷል ማለት ነው ብዬ የመጀመሪያው ላይ ጭረት። ጭረት፣ ጭረት። በዘጠኝ ቀን መቶ ስልሳ ሦስት ቤት ጨረስኩ። እንደኔው ቅጽ ይዘው የሚዞሩት ሁለቱ ምሩቆች ተደምረው ዘጠና አልሞሉም። እጄ ፈጣን ነው፣ እሱን አልደብቅም።

የሚገርምሽ፣ ጠዋት ጠዋት ለነዚያው ቤቶች ውሃ የማወርደው እኔው ነበርኩ። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚንጠባጠብ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ? ቅጹ የሚፈልገው የነሱን አፍ ነው፣ የነሱን አፍ ሰጠሁት።

ዶክተሯ አንድ አመል አላት። ሌላው ጠይቆ ይጠፋል፣ እኛ ግን ያገኘነውን ለጠየቅነው ሰው ተመልሰን እናሳያለን ትላለች። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ፊት ለፊት ክራቫት ያሰረ የውሃ ቢሮ ሰው ተቀምጧል። ማሚቶ ግድግዳው ላይ በመብራት አንድ ትልቅ ክብ አበራና ከመቶ ነዋሪ ሰማንያ አንዱ በውሃው በጣም ረክቷል ብሎ አነበበ። ክራቫቱ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ከሆነማ ሊዘረጋ የታሰበው አዲሱ የውሃ መስመር ቅሬታ ላቀረበው ለታችኛው ሰፈር ቢሄድ ይሻላል አለ።

አጣቢዋ ተነሳች። «እኔ ሰማንያ አንዱ ውስጥ ነኝ ወይስ አስራ ዘጠኙ ውስጥ?» አለች። ማሚቶ የእያንዳንዱ ሰው መልስ ምስጢር ነው አላት። «ከራሴም?» አለች። ሰዉ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም። የሰው ልብስ የማጥበው ጣራ ላይ ባጠራቀምኩት ዝናብ ነው፣ ዝናብ ሲጠፋ ሥራም የለኝም፣ ረካሁ ያልኩት መቼ ነው፣ ለማንስ ነው አለች። ያኔ ሁሉም አንገት ወደኔ ዞረ። ከወንበር ጀርባ ለመደበቅ ቁመቴ የሚመች ነው፣ ታውቂያለሽ። ግን ተነሳሁ። ሌላው ይውጣልኝ ብዬ አልጠበቅኩም፣ ይሄን ጻፊልኝ። ጭረቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ተመስገን ብላችሁኝ ነው አልኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ሆኖ «ታዲያ ምን እንበልህ፣ ፕሮፌሰር? ሰው በር ላይ ቆሞ እንዴት ነህ ሲልህ አንጀትህን ትዘረግፍለታለህ? ተመስገን ማለት እኮ በሩን በጨዋ ደንብ መዝጋት ነው» አለ።

ካርዴን ይነጥቁኛል ብዬ ከአንገቴ አውልቄ ይዤዋለሁ። ዶክተሯ አልተቆጣችም። መብራቱን አስጠፋችና፣ እንዴት ነው ብለን ካልጠየቅን ምን ብለን እንጠይቅ አለችኝ። እኔን ነው የጠየቀችው እንግዲህ፣ ምሩቆቹ ተቀምጠው። ትናንት ስንት ጀሪካን ገባ በሉ፣ ማን ተሸከመው፣ ስንት ሰዓት ተሰለፈ በሉ አልኳት። ማሚቶ «በሉ» እያለ ጻፈ። ክራቫቱ ሦስት ሳምንት ሰጠን።

ያንን ሁሉ በር እንደገና አንኳኳሁ። ይሄን ያህል ሰደቡኝ፣ እሱን አልጽፍልሽም። ግን እንዲህ ነው፤ ስንት ጀሪካን ስትያቸው ተመስገን ማለት አይችሉም። አራት ነው፣ ሁለት ነው፣ ትናንት አልገባም ነው። አጣቢዋ ለሁለት ጀሪካን አንድ ሙሉ ጠዋት ቆማለች። ከመቶ ቤት በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ውሃ የሚያገኘው አስራ ሁለቱ ብቻ ሆነ። ዶክተሯ ሪፖርቱን ቀደደችና አዲስ ጻፈች፣ ስሜም ከኋላው ገጽ ላይ አለ። ክራቫቱ ወረቀቱን ተቀብሎ «እናያለን» አለ። እናያለን ምን ማለት እንደሆነ ገና አላወቅንም። ለታችኛው ሰፈር የተባለውን ግን ለጊዜው አቁሞታል።

እንግዲህ እትዬ፣ ወደ አባባ። እንዳልደነግጥ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። የዳገቱ ሰዎችም በር ላይ የቆመውን ላለማስጨነቅ ብለው ነው መስመሩን ሊያጡት የነበረው። ዶክተሯ አሁን የሦስት ወር ውል አዘጋጅታልኛለች፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰፈሮች ናቸው። ከፈረምኩ መሀል ላይ ጥዬ መውጣት የለም፤ ሰኞ ነው የምፈርመው። አባባ እጁ ከከዳው ግን አልፈርምም። እመጣለሁ፣ ሱቁን እከፍታለሁ፣ መጋዝ መያዝ አልረሳሁም፣ ያውም በቀኜ። ዩኒቨርሲቲው ያለኔ ሦስት ወር ይቸገር።

ስለዚህ እሱን እንዴት ነህ ብለሽ አትጠይቂው፣ ተመስገን ነው የሚልሽ። እዪውና ያየሽውን ጻፊ። ማንኪያ በየትኛው እጁ ይይዛል? ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ማን ነው የሚቆልፍለት? ከአልጋው ሱቁ በር እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይቆማል? ሲናገር አፉ ይጣመማል? ከመቼ ጀምሮ ነው? ሐኪም አይቶት ከሆነ ሐኪሙ ያለውን ጻፊ፣ አንቺ ያሰብሽውን ሳይሆን። ለመጨረሻ ጊዜ በር የሠራው ለማን ነው፣ መቼ ነው? ያላየሽውን አላየሁም በይ፣ አልቆጣም። ብቻ ደህና የምትል ቃል እዚያ ወረቀት ላይ እንዳላያት።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳምኩ በይልኝ፤ ስለ ሹፌሩ ወሬ አትንገሪያት፣ ካወቀች ግን አውቃለች። ለታናሻችን ስድስተኛ ክፍልን ሳያልፍ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ብሎ እንዳያስብ፣ እኔ አንድ ነኝ፣ ሁለተኛ አይገኝም በይው። አክስታችንን ሰላም በይ፣ ያቺ ጎረቤት ሆና ሁሉን የምታይ ሴት፣ ከፈለግሽ መልሱን እሷ ትጻፍልሽ፣ እሷ አትዋሽም። ለአባባ ስታነቢለት ከጎረቤታችን ልጅ ወሬ ጀምሮ ያለውን ዝለይው። ልጅህ ትልቅ ቤት ገብቷል፣ የትምህርት ቤቱ አለቃ፣ ዲኑ፣ ሲያልፍ ሰላም ይለዋል በይው። እውነት ነው፣ ሁለት ቀን ብሎኛል።

ከትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ ከወረቀት ክፍሉ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይህን የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ቅዳሜ ጠዋት ከናንተ ይነሳል፣ እሁድ እዚህ ነው። መልስሽን በእጁ ካላየሁ ሰኞ አልፈርምም፣ ተሳፍሬ እመጣለሁ። አሁኑኑ ቁጭ በይና ጻፊ።