ለእማዬ ያላነበብኩላት

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ልጅሽስ? ያ ሲበርድ የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ፊት እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ግን ሳልጠይቅሽ ወደ ነገሬ መግባት አቃተኝ። ፖስታው ላይ ጽሕፈቴን አይተሽ ሳትከፍቺው ልትወረውሪው እንደምትችዪም አስቤያለሁ። ከከፈትሽው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ታገሽኝ። አድራሻሽን የወሰድኩት ከመጨረሻው ደብዳቤሽ ጀርባ ነው፤ አራት ዓመት ሆኖታል። ቤት ቀይረሽ ከሆነ እዚያ ያለው ሰው እባኩን ያድርስልኝ።

እማዬ በሕይወት አለች። ልብሽ እንዳይሰቀል አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው። ከአልጋ መውረድ ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል። ዓይኗ ጭራሽ ሄዷል፤ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። ጆሮዋ ግን ያው የአስተማሪ ጆሮ ነው፤ ከኋላ ወንበር የሚያንሾካሹክ ተማሪ ዛሬም አያመልጣትም። እኔ አሁንም ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነኝ። ጠዋት አንሶላ፣ ከሰዓት አንሶላ። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን ስናጥፍ እንውላለን፤ ማዶ የምትይዝልኝ ሴትዮ ወሬ ስለማትወድ አንዳንድ ቀን አፌን ሳልከፍት ይመሻል። ቤት ስገባ ደግሞ የእማዬ አንሶላ ይጠብቀኛል። ክንዴ የራሴ የማይመስለኝ ጊዜ አለ። ይህን የምልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ደክሞኝ እንደምጽፍልሽ እንድታውቂ ነው፤ የደከመ ሰው ቃል ማሳመር አይችልም።

ከአንድ ዓመት ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እሄዳለሁ። የምንሰበሰበው በጎረቤታችን በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ወንበር ስለማይበቃን አንዳንዶቻችን የጨርቅ ጥቅል ላይ እንቀመጣለን። ስንጀምር አምስት ነበርን፤ እኔ፣ ልብስ ሰፊው፣ ከእኛ ቤት ማዶ የምትኖረው ነርስ፣ አንድ ታክሲ ነጂና የሚያስጠኑን ሽማግሌ። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ናቸው። መጽሐፋቸው ላይ የሚያሰምሩት በማስመሪያ ስለሆነ «ጋሽ ማስመሪያ» እንላቸዋለን። ያውቃሉ፤ አይቆጡም።

እኚህ ሰው አንድ ሕግ አላቸው። ያልሠራነውን አንብበናል አንልም ይላሉ። አንድ ክፍል እናነባለን፤ በሳምንቱ ተሰብስበን እያንዳንዳችን በዚያ ቃል ምን እንዳደረግን እንናገራለን። አንድ ሰው እንኳ ካልሠራበት ገጹ አይገለጥም። መጀመሪያ ላይ ወደድኩት። ሌላ ቦታ ብዙ ተነቦልኝ እንደገባሁ ነበር የምወጣው።

ከዚያ መባ ይዘሽ በመሠዊያው ፊት ቆመሽ ሳለ፣ ወንድምሽ ቅር እንዳለው ትዝ ካለሽ መባሽን እዚያው ትተሽ አስቀድመሽ ታረቂ የሚለው ጋ ደረስን። እዚያ ላይ አሥራ አንድ ቅዳሜ ተቀመጥን፣ እትዬ። አሥራ አንድ።

በመጀመሪያው ሳምንት ልብስ ሰፊው የበደሉትን ሰዎች ዝርዝር ወረቀት ላይ ጽፎ መጣ። ጋሽ ማስመሪያ ወረቀቱን ተቀብለው አዩና መለሱለት። ይኼ ሌላ ገጽ ነው፣ እዚህ የተጠየቅኸው አንተ የበደልከው ማን እንደሆነ ነው አሉት። ልብስ ሰፊው አኮረፈ። ቆይቶ ግን የወንድሙ ሚስት ስትሞት ለቅሶ እንኳ እንዳልደረሰ ተናገረ። ሄደ፤ ወንድሙ በር አልከፈተለትም። ደግሞ ሄደ፤ አልከፈተለትም። በሦስተኛው ከፈተና አንድም ቃል ሳይተነፍስ እንዲያሳጥርለት ሱሪ አስታቀፈው። ያን ሱሪ ሲያሳጥር እንባው በመርፌው ላይ ሲወርድ ነርሷ አይታዋለች።

ነርሷ ደግሞ አንዱን የጽዳት ሠራተኛ በሰው ፊት አዋርዳው ነበርና በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀችው። ሰውየው «እኔ እኮ አነጋገርሽ እንደዚያ መስሎኝ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ አነጋገሯን ታዳምጣለች፣ ምስኪን። ታክሲ ነጂው ይኼ ጥናት ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው ብሎ ቀረ።

ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ መልሴ አንድ ነበር፤ «እኔ የተጣላሁት ሰው የለም።» ጋሽ ማስመሪያ «እሺ» ይላሉ፤ ገጹም አይገለጥም። አይገፉኝም፣ አይመረምሩኝም። ቢገፉኝ ተቆጥቼ እወጣ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ እሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። ሚስታቸው ለሃያ ዓመት አንድ ነገር ስትለምናቸው ኖራ ሳያደርጉላት እንደሞተች ነገሩን። ምን እንደሆነ አልነገሩንም። «ይህን ክፍል በየስብሰባው ባማረ ድምፅ አነብ ነበር። እሷ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ወለሉ ላይ የተበተነውን ቁርጥራጭ ክር ስመለከት አንቺን አየሁሽ።

እትዬ፣ አሁን ልናገር።

እማዬ ባልሽን አልወድም ብላ በተጣላችሁ ቀን ደጄን እንዳትረግጪ ያለችሽበት ቁጣ ዓመት አልሞላም። ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። ጠዋት ስትነቃ የምትጠይቀው አንቺን ነበር። የበር ድምፅ ስትሰማ የምትጠራው ስም ያንቺ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲመጣ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር እንዳነብላት ሰጠችኝ። ሦስት ቅጠል ነበር። ቁጣዋ በርዶላት እንደሆነ፣ ብትመጪ ታስገባሽ እንደሆነ ጠይቀሽ ነበር። ሰላምታውን አነበብኩላት፤ ደህና ናት አልኳት፤ ሌላው ቀረ። ለአንቺ ደግሞ «አልበረደላትም፤ ስምሽ ሲነሳ ያማታል፤ አትምጪ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ ያለችኝ አስመስዬ ጻፍኩ። ስልክ ቁጥራችንን ያስቀየርኩትም ያኔ ነው፤ እማዬን መስመሩ ተበላሽቷል አልኳት።

ሁለተኛው ፖስታ ውስጥ የልጅሽ ፎቶ ነበረበት። ያን ደብዳቤ ጭራሽ አላነበብኩላትም። መልስም አልሰጠሁሽም። ሦስተኛው ላይ እናቴ ልጄንም ካልፈለገች እንግዲህ አላስቸግራትም ብለሽ ጻፍሽ። የልብስ ቁም ሳጥኔ ሥር ከተትኩት።

ለምን ትዪኛለሽ። ገላዋን የማጥብ እኔ፣ ምርቃቱ ላንቺ። አጉርሼአት አፏን ስጠርግላት በአንቺ ስም ነበር የምትጠራኝ። አንቺ ብትመጪ እሷ ሁለተኛ ዞር ብላ አታየኝም፣ በገዛ ቤቴ የቤት ሠራተኛ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ሌላ የረቀቀ ምክንያት የለኝም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለእማዬ ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እሁድ ጠዋት አንሶላዋን ልቀይር በጎኗ አስተኝቼአት ነበር፤ ጀርባዋን ስለሰጠችኝ ይመስለኛል የቀለለኝ። አንዱን ጫፍ እየጎተትኩ ሁሉንም ነገርኳት። መጨረሻ ላይ ድምፄ ስለጠፋ የሰማችኝ አልመሰለኝም።

«አውቅ ነበር» አለችኝ።

የያዝኩትን የአንሶላ ጫፍ ለቀቅኩ።

«ያን ደብዳቤ ስታነቢልኝ ወረቀቱ ሲገለበጥ ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ ተገለበጠ፤ ያነበብሽልኝ ግን ግማሽ ገጽ አይሞላም። ሠላሳ ዓመት ልጅ ሳስነብብ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አገላብጬ በጀርባዋ ሳስተኛት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ብቆጣሽ አንቺም ትሄጃለሽ ብዬ ነዋ። ማን ያነሳኛል? እኔም አለሁበት፣ ልጄ።»

እትዬ፣ ሁለታችን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ አንዳችን ሌላዋን ፈርተን፣ አንቺን ደጅ አስቀረንሽ። የዚያን ቀን ነው የገባኝ።

ልጅ እንዳለሽ ግን አታውቅም ነበር። ስነግራት «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ። ፎቶው ላይ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አሁን ሰባት ሳይሆናት አይቀርም አልኳት። እጇን ዘረጋች። አምጥቼ ሰጠኋት። ለስላሳ ወረቀት ነው፣ ምንም አይዳሰስበትም፤ እሷ ግን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። «ፊቷ የቱ ጋ ነው?» አለች። ጣቷን ይዤ አሳየኋት። ጣቷን እዚያው እንዳደረገች ውጪልኝ አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከክፍሏ አስወጥታኝ አታውቅም።

ሦስት ቀን ከእጄ በላች፤ አላናገረችኝም።

በቅዳሜው ጥናት ላይ ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ መቀሱን ይከፍታል ይዘጋል። ነርሷ እጄን ያዘችኝ። እኔ የጠበቅኩት ጋሽ ማስመሪያ አንድ የሚያጽናና ቃል ይሉኛል ብዬ ነበር፤ በርቺ፣ ጌታ ይቅር ይልሻል ዓይነት ነገር። እሳቸው ግን ለእህትሽ ነግረሻታል ወይ አሉኝ። ገና ነው አልኩ። «እንግዲያው እንጠብቃለን» አሉና መጽሐፋቸውን አጠፉ። ተናደድኩባቸው። እስከ ቤቴ ድረስ በልቤ ስሰድባቸው ነበር የሄድኩት፤ ማታ ግን ወረቀት ገዛሁ።

ይህን ወረቀት ከገዛሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ስምንት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አንዱ ላይ ራሴን በጣም ረገምኩ፤ ሳነበው አንቺ እንድታባብዪኝ የጻፍኩት መሰለኝ። ሌላው ላይ ጥቅስ አበዛሁ፤ እሱም የመደበቂያ መንገድ ሆነብኝ። ጸሎትም ሞክሬያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰዎች ከተናዘዙ በኋላ ሸክም ወረደልኝ ይላሉ፤ እኔ አልወረደልኝም። እንዲያውም ዛሬ ከበደኝ። ግን ድሮ ስጸልይ አንድ ክፍል ቆልፌ ነበር፤ አሁን የተቆለፈ የለም። ያለው ይኸው ነው፤ ባዶና ቆሻሻ።

ባለፈው ረቡዕ እማዬ ላንቺ ደብዳቤ ማጻፍ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አንቺ አይደለሽም። ነርሷን ጥሪልኝ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ውኃ ስጪኝ እንደምትለኝ አድርጋ ነው ያለችኝ። ሄጄ ጠራኋት።

እኔ ግቢ ወጥቼ የታጠበ ልብስ አሰጣሁ። አስጥቼ ስጨርስ ገና አልጨረሱም። የእማዬ ድምፅ በመስኮቱ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም። አንዴ ሳቀች። ነርሷ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ፖስታውን አሽጋ ሰጠችኝ፤ እኔም አልጠየቅኳት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የምታገኚው እሱ ነው። ምን እንደሚል አላውቅም። ስለ እኔ ክፉ ካለም እውነቷን ነው፤ ደግ ካለችም አንቺ እንደፈለግሽ አድርጊው።

መልስ ከጻፍሽላት በነርሷ አድራሻ ላኪው፤ ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሻለሁ። የምታነብላት እሷ ናት፤ ተስማምተናል። እኔም ሁለት መስመር የሚገባኝ ከሆነ በሌላ ወረቀት ላይ አድርጊልኝ። ስድብም ቢሆን ደስ ይለኛል። እንድትምሪኝ ለመጠየቅ አሁን አልደፍርም፤ ይህን የጻፍኩት እንዲቀለኝ ሳይሆን እናትሽ እንዳልጠላችሽ እንድነግርሽ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልጠላችሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነርሷ ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር እማዬን የምታያት። አሁን ሳልጠራት በየቀኑ ትመጣለች፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድም፣ ስትመለስም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ስለዚህ አትቸኩዪ አልልሽም።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ ከደጅሽ ሰላም አይራቅ። ባለቤትሽንም ሰላም በዪልኝ፤ በሱም ላይ የተናገርኩት አለና አንድ ቀን ራሴ እነግረዋለሁ።

አሁን በቀን በር አንዘጋም። ስትመጪ ሳታንኳኪ ግቢ።

ታናሽሽ