ጭብጨባ ያላገኘችው አንቀጽ

ጥር 8
ዛሬም ቢሮ። የምርጫ ዕጩውን ንግግር ስጽፍ ዋልኩ... ስለ ውሃው። ከተማው ውሃ በፈረቃ ማግኘት ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱ። ወንድምጋሼ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ መስመር የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ። ደወልኩለት።
"ቧንቧው አርባ ዓመቱ ነው። ግማሹ ውሃ መሬት ውስጥ ይቀራል። ካላፈራረቅን ማንም አያገኝም።"
እንዳለ ጻፍኩት።

ጥር 11
ወይ ጉድ! ዕጩው ንግግሩን ሲያሰሙ፣ እንደ ልማዴ ሰው ያጨበጨበበትን መስመር በቀይ እያሰመርኩ ተከታተልኩ። የቧንቧዋ አንቀጽ ላይ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አዛጋ። "ውሃችሁን ሆን ብለው የሚዘጉባችሁ አሉ!" ሲሉ ግን አዳራሹ ሊፈርስ። ለማሳመር ያህል ጣል ያደረግኳት ናት። ዕጩው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣ "ቧንቧዋን አውጣት፣ በዚችኛዋ ግፋበት" አሉኝ።
አወጣኋት። ለቧንቧ ማን ያጨበጭባል? ደስ ብሎኛል... ምን እዋሻለሁ።

ጥር 19
ወረቀቱ በሙሉ ቀይ ሆኗል። "እናውቃቸዋለን!" እያለ ሕዝቡ ራሱ ይጨምርበታል። አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን አቅፈው ያለቅሳሉ። አንጀቴን በሉት። ስንት ዓመት ሰሚ አጥተው... ግን የምጽፈው ለሳቸው ነው ወይስ ለጭብጨባው?

ጥር 23
ወንድምጋሼን ደበደቡት። መስመር ሊቀይር በወጣበት። "ከዘጊዎቹ አንዱ ይኸው!" እያሉ። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።
እኔ ነኝ። ሌላ ማን ነው?

ጥር 24
ዕጩውን ለመንኳቸው። "አንዴ ብቻ፣ ችግሩ ቧንቧው ነው ይበሉላቸው።"
"አብደሃል? አሁን እንዲህ ብል እኔንም ከዘጊዎቹ ይደምሩኛል።"
ያን ሁሉ ሰው ያስጮኹት እሳቸው፣ አሁን ሰዉን ፈሩት። አሳዘኑኝም። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ጥር 26
እማዬ ሾርባ ልታሞቅ ወጣ ስትል ለወንድምጋሼ ነገርኩት።
"ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"
መተንፈስ ያመዋል።
"ሰዎቹን እንዳትቀየም" አለኝ። "ውሃ የጠማው ሰው ምን ያመዛዝናል?"
ከዚያ ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነሰ።
"አንተ መሆንህን እማዬ እንዳትሰማ።"
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።